ላጥቃ ወይስ ልጠንቀቅ? የአምስት ወር የባክጋሞን ማስታወሻ

ባክጋሞንን፣ ሁለት ሰዎች ዳይስ እየወረወሩ ጠጠሮቻቸውን ከሰሌዳው ለማውጣት የሚሽቀዳደሙበትን ጨዋታ፣ በቁም ነገር ከያዝኩት አምስት ወር ሆነኝ። ከሁሉም በላይ ጊዜዬን የወሰደው የጨዋታው መጀመሪያ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰባት ውርወራዎች። እዚያ ላይ ደፍሮ ማጥቃት ይሻላል ወይስ ጠጠርን ሰብስቦ መጠንቀቅ? በሁለቱም በኩል ተሳስቻለሁ። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ለመግባባት ያህል፣ ቤቶቹን፣ ማለትም ጠጠር የሚቆምባቸውን 24 ቦታዎች፣ የምቆጥረው ከራሴ መውጫ ጀምሬ ነው። 1 ቁጥር ጥግ ላይ ያለው ነው። ከ1 እስከ 6 ያሉት የራሴ ሜዳ ናቸው። 24 ቁጥር ላይ ሁለት የኋላ ጠጠሮቼ ተጋጣሚዬ ሜዳ ውስጥ ቆመው ይጀምራሉ። የቀሩት 13 ላይ አምስት፣ 8 ላይ ሦስት፣ 6 ላይ አምስት ናቸው።

የመጀመሪያው ወር የፍርሃት ወር ነበር። ብቻውን የቆመ ጠጠር ማየት አልችልም ነበር፤ ተጋጣሚ ሊመታው የሚችለው እንዲህ ያለውን ነውና። ያለኝን ሁሉ 8 እና 6 ላይ እቆልላለሁ። ማንም አይመታኝም። ግን አላሸንፍም። እኔ ስቆልል ተጋጣሚዬ ጥሩ ጥሩ ቤቶችን ይይዝና (ሁለትና ከዚያ በላይ ጠጠር ያቆመበት ቤት የእሱ ነው፤ እኔ ላርፍበት አልችልም) ሁለቱን የኋላ ጠጠሮቼን ያጥርብኛል። ስድስት ተከታታይ ቤት የያዘን አጥር ደግሞ በየትኛውም ቁጥር መዝለል አይቻልም።

ከዚያ ተገለበጥኩ። ባገኘሁት ቁጥር ሁሉ መምታት ጀመርኩ። ለሳምንታት ደስ የሚል ነገር ነበር፤ ከዚያ አንድ ጨዋታ አስቆመኝ። ሰባተኛ ውርወራ አካባቢ ነው። ተጋጣሚዬ በሜዳው ውስጥ አራት ቤት ይዟል። እኔ 1 ወጣልኝና አንዱን ጠጠር ከ6 ወደ 5 አወረድኩት። ብቻውን ነው፤ ሐሳቤ በሚቀጥለው ውርወራ ሁለተኛ ጠጠር ጨምሬ ቤቱን መያዝ ነበር። ተጋጣሚዬ 4 አወጣና መታኝ። ባር ላይ ተቀመጥኩ፤ የተመታ ጠጠር ከተጋጣሚ ሜዳ እንደገና ለመጀመር ተራ የሚጠብቅበት ቦታ ነው። ሦስት ጊዜ ወረወርኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ መግባት አልቻልኩም። በመሐሉ ሌላ ጠጠር ተመታብኝ። አንድም ጠጠር ሳላወጣ ጨዋታው አለቀ፤ ጋሞን ተሸነፍኩ፣ ማለትም እጥፍ።

ያን ምሽት ተናድጄ ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ብዙ ነገር የገባኝ ያኔ ነው።

በሁለት ዳይስ 36 ውጤቶች አሉ። ተጋጣሚዬ ሁለት ጠጠሮቹን የእኔ 1 ቁጥር ላይ ካቆመ፣ 5 ላይ ያለው ነጠላ ጠጠሬ ከእሱ በ4 እርምጃ ይርቃል። የሚመቱኝ ውጤቶች 4 ያለባቸው 11፣ 3 እና 1 በሁለት መንገድ፣ መንታ 2 እና መንታ 1 ናቸው (መንታ ሲወጣ ቁጥሩ አራት ጊዜ ይሄዳል)። በድምሩ ከ36ቱ 15። ይህ ቁጥር በመጀመሪያው ውርወራም በሰባተኛውም ያው ነው። የሚለወጠው ከተመታሁ በኋላ የሚጠብቀኝ ነገር ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተጋጣሚው በሜዳው የያዘው አንድ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ከባር ላለመግባት ያለኝ ዕድል ከ36 አንድ ነው። ሁለት ቤት ሲይዝ 4፣ ሦስት ሲይዝ 9፣ አራት ሲይዝ 16፣ አምስት ሲይዝ 25 ይሆናል። እኔ በዚያ ጨዋታ 16 ላይ ሆኜ ነው እንደ አንድ ላይ የተጫወትኩት። ያው እርምጃ ገና ሲጀመር ቢሆን ኖሮ የሚያስወቅስ አልነበረም።

አሁን ዳይሴን ከማየቴ በፊት የተጋጣሚዬን ሜዳ አያለሁ። ስንት ቤት ይዟል? እዚያ ውስጥ ነጠላ ጠጠር አለው? ደካማ ከሆነ እደፍራለሁ። ከጠነከረ እሰበስባለሁ። ቀላል ይመስላል፤ ልማድ እስኪሆን ግን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ ዓይን ቀድሞ ወደ ራስ ጠጠር ይሄዳላ።

ሌላው ሒሳብ ኪሳራው ነው። እያንዳንዳችን ስንጀምር 167 እርምጃ ይቀረናል። 5 ላይ ስመታ 20 እርምጃ አጣለሁ። 20 ቁጥር ላይ፣ ማለትም ተጋጣሚዬ 5 ቁጥር ላይ፣ ስመታ የማጣው 5 ብቻ ነው። ስለዚህ ገና በጠዋቱ የኋላ ጠጠሮችን ማንቀሳቀስ በእርምጃ ደረጃ ርካሽ ነው። እኔ ደግሞ ለረጅም ጊዜ እነሱን መንካት እፈራ ነበር!

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ለውጥ የመጣው። በተጋጣሚ ሜዳ ውስጥ ሁለት ጠጠር አንድ ቤት ላይ ማቆም፣ መልህቅ የምንለው፣ ለእኔ የተሸናፊ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ተከላክሎ መጠበቅ ብቻ። ተሳስቼ ነበር። 20 ላይ መልህቅ ካለኝ ተጋጣሚዬ ሜዳውን ሙሉ በሙሉ ሊዘጋብኝ አይችልም። ብመታም 5 ባወጣሁ ቁጥር እገባለሁ። ያኔ በሌላው ጫፍ ነጠላ ጠጠር መተው፣ መምታት፣ መድፈር እችላለሁ። ማጥቃት የቻልኩት መከላከያዬን አስቀድሜ ስለሠራሁ ነው። በርግጥ 24 ላይ ያሉትም ጥንድ ናቸው። ግን ጥጉ ላይ ናቸው፤ ከፊታቸው አጥር ለመሥራት ሰፊ ቦታ አለ። 20 ወይም 21 ላይ ሲደርሱ ነው ትንፋሽ የሚሰጡት።

በመክፈቻ ውርወራ ክርክር የሌለባቸው ቁጥሮችም አሉ። 3 እና 1 ከመጣ 5 ቁጥርን መያዝ፣ 4 እና 2 ከመጣ 4 ቁጥርን፣ 6 እና 1 ከመጣ 7 ቁጥርን። እነዚህ ላይ ጊዜ አላጠፋም።

ጊዜ የሚወስዱት ሌሎቹ ናቸው። በጣም ያስተማረኝ መንታ 5 ነው። ተጋጣሚዬ ከፈተ፤ ሁለተኛው ውርወራ የእኔ ነው፤ መንታ 5 ወጣልኝ እንበል። የኋላ ጠጠሮቹ አንድ ላይ እንደቆሙ ከሆኑ ሁለት ጠጠር ከ13 ወደ 3 አወርዳለሁ። ጸጥ ያለ ጨዋታ ነው። ግን 2 እና 1 አውጥቶ አንዱን የኋላ ጠጠር ከ1 ቁጥሬ ወደ 2 ቁጥሬ አስጠግቶ ከሆነስ? ተለያይተዋል። አሁን ሁለት ከ8 ወደ 3፣ ሁለት ከ6 ወደ 1፣ 1 ላይ ያለውን እየመታሁ። ከ6 ጋር በሜዳዬ ሦስት ቤት ያዝኩ፤ እሱ ባር ላይ ነው፤ 2 ላይም ነጠላ ጠጠር አለው። በሌላ ጊዜ 1 ቁጥርን ገና በጠዋቱ መያዝ አልወድም፤ እዚያ የገባ ጠጠር ከጨዋታ እንደወጣ ነው። እዚህ ግን ጥቃቱ ያዋጣል። ያው ዳይስ ነው። የወሰነው የተጋጣሚው አቋም ነው።

እግረ መንገዴን አንድ የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአይቢኤሙ ጄራልድ ቴሳውሮ ቲዲ-ጋሞን የሚባል ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሙ የተማረው ከራሱ ጋር እየተጫወተ ነው። በዚያን ጊዜ 4 እና 1 ሲመጣ ብዙ ጠንካራ ተጫዋቾች አንድ ጠጠር ወደ 5 ቁጥር አውርደው ይደፍሩ ነበር። ፕሮግራሙ ግን በዚያ 1 የኋላ ጠጠርን ከ24 ወደ 23 ማንቀሳቀስን መረጠ። ሰዎቹ ሲያጣሩት ትክክል ሆኖ አገኙት፣ አጨዋወታቸውንም ቀየሩ። ለዓመታት የተለመደ ነገር በአንድ እርምጃ ሲቀየር ማየት ያስደንቀኛል።

እኔ የምለማመደው ከጨዋታ በኋላ ያመነታሁባቸውን ቦታዎች ጽፌ በግኑ ባክጋሞን በማየት ነው። ነጻ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ የራሴን ምክንያት እጽፋለሁ፣ ከዚያ መልሱን እከፍታለሁ። ምክንያቱን ሳልጽፍ መልሱን ያየሁበት ቀን ምንም አይቀርልኝም።

አሁን የያዝኩት 6 እና 4 ነው። በመክፈቻ ሦስት መንገድ አለው፣ ልዩነታቸውም እጅግ ጠባብ ነው። አንዱን የኋላ ጠጠር ከ24 እስከ 14 ማስሮጥ፣ ወይም ወደ 18 አውጥቶ ሌላ ጠጠር ከ13 ወደ 9 ማውረድ፣ ወይም ከ8 እና ከ6 አንድ አንድ አምጥቶ 2 ቁጥርን መያዝ። እስካሁን ሁሌም አስሮጥ ነበር። በሚቀጥሉት 20 ጨዋታዎች ይህ ውርወራ በመጣ ቁጥር 2ን እይዛለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጥቃት ስለማላውቀው እሱን መማር እፈልጋለሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ውርወራ እንዴት እንደምትጫወቱት ንገሩኝ።