«ደመቅ ይበል» የተባለው ምሽት፦ ፋሲል ግቢን በአኒሜሽን ስሠራ

ጎንደር ተቀምጦ አኒሜሽን ወይም ጌም ለመሥራት ያሰበ ሰው ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ብዬ ነው የምጽፈው። ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።

ታሪኩ አጭር ነው፤ አንዲት ልጅ ሲመሽ ፋሲል ግቢ ውስጥ ታናሽ ወንድሟን ትፈልጋለች። ግንቦቹን ፎቶ አነሳሁ፣ ክሪታ በተባለ የሥዕል ሶፍትዌር ሣልኩ፣ ብሌንደር በተባለ የአኒሜሽን ሶፍትዌር አንቀሳቀስኩ። እስከዚህ ያለውን ማንም ከዩቲዩብ ይማረዋል።

ቀለም ከመምረጤ በፊት ግን ሁሉንም በግራጫ ሠራሁት። ብዙ አስተማሪዎች ቀለሞች በክብ ከተደረደሩበት ሰሌዳ፣ ከቀለም ክብ፣ ጀምሩ፣ ተቃራኒ ቀለሞችን አጣምሩ ይላሉ፤ አልስማማም። ጥልቀት መጀመሪያ የሚመጣው ከብርሃንና ከጨለማ ልዩነት ነው። ቅርብ ያለው ግንብ ጥላው ጎልቶ፣ ሩቅ ያለው ተራራ ጥላው ሳስቶ ከተሣለ ዓይን ርቀቱን ራሱ ያገኘዋል። በመካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን አብልጦ ስለሚበትን ሩቁ ተራራ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በበጋ አቧራና ጭስ ሲበዛ ደግሞ ነጣ ይላል። ስለዚህ የመስከረምና የመጋቢት ትዕይንት ጀርባ አንድ ቀለም ሊሆን አይችልም።

ድንጋዩን ወደ ወይን ጠጅ ባደላ ቡናማ፣ ሰማዩን በደበዘዘ ሰማያዊ ያዝኩት፤ ዓይን ልጅቷን እንዲከተል የነጠላዋን ጥለት ብቻ ደማቅ ቢጫ አደረግሁት። ቀለም መቆጠብን ያየሁት እዚሁ ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጣሪያው በመላእክት ፊት ተሞልቶ ሳለ ዓይንን የማያደክመው ቀለሞቹ ጥቂት ስለሆኑ ነው። በዚህ ፓሌት፣ ማለትም በመረጥኳቸው ቀለሞች ስብስብ፣ ዛሬም እኮራለሁ።

ከዚያ ሥራውን ያሠራኝ መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሥራውን ያዩት ረፋድ ላይ፣ መጋረጃው በተከፈተ አዳራሽ፣ በፕሮጀክተር ነው። ፕሮጀክተር ብርሃን ይጨምራል እንጂ ጥቁር ማምጣት አይችልም፤ ግድግዳው በፀሐይ ከነጣ የሥዕሉ ጥላ ሁሉ ይታጠባል። መጋረጃው ይዘጋልኝ ብዬ ለመንኩ። «ግድ የለም፣ ይታየናል» ተባልኩ።

ካዩ በኋላ ሰብሳቢው፦ «ፈዟል። ጎንደር እንዲህ አይደለችም። ደመቅ ይበል» አሉ። ሌላው ተራራው አረንጓዴ ይሁን፣ ሌላዋ ሰማዩ ይጥራ አሉ። ምሽት ነው እኮ! ብርሃኑ የተሠራው ለልጅቷ ጭንቀት ነው ብዬ ባስረዳም የሰማኝ የለም። አስተያየቱ በቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ማኅተም አርፎበት በደብዳቤ መጣ።

እንዳሉት ሠራሁ። ተራራው ከግንቡ እኩል ስለደመቀ ወደ ፊት መጥቶ ከግንቡ ጋር ተጣበቀ። ቢጫው ጥለት በሰማዩና በሣሩ ተዋጠ። ወንድሟ የጠፋባት ልጅ ሽርሽር የወጣች መሰለች። ከታሪኩ አንድ ቃል ሳይነካ ስሜቱ ጠፋ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የእያንዳንዱን ትዕይንት ቀለም በትንንሽ ሥዕሎች አሳይታችሁ ሳታስፈርሙ አንድ ፍሬም አታንቀሳቅሱ። ብርሃን ያለበት አዳራሽ ከተሰጣችሁ እምቢ በሉ፤ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ መብራቱን ራሳችሁ አጥፉ። ቀለም ስንት ጊዜ እንደሚስተካከል ውሉ ላይ ይጻፍ። አሠሪ ስለ ታሪኩ ያሻውን ይበል፣ ቀለሙን ግን የሠራው ይወስን። ቀለሞቹንም በአንድ ፓሌት ፋይል ያዙ፤ ሁለት ቅጂ፣ የእኔንና የእነሱን፣ ማውጣት የቻልኩት በዚያ ነው።

ለሕዝብ የታየው የእነሱ ቅጂ ነው። አዲስ ሥራ ይዞልኝ ለሚመጣ ሰው ግን ሁለቱን ጎን ለጎን፣ መጀመሪያ በግራጫ፣ ቀጥሎ በቀለም አሳየዋለሁ። የምንፈራረመው ከዚያ በኋላ ነው።