ለሱባሩዬ ያዘዝኩት ሾክ ሲዘገይ የተከተልኩት መንገድ

መኪናዬ የ2015 ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ ነው። በሥራ ቀን ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ወደ ዲሲ ያመላልሰኛል፤ ጸደይ ሲገባ ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው የሰሚት ፖይንት የእሽቅድምድም ሜዳ እነዳዋለሁ። ከፋብሪካ የወጣበት ሾክና ሞላ ስለደከመ፣ ከፍታውና ጥንካሬው የሚስተካከለውን ኮይሎቨር የሚባለውን ዕቃ ለአራቱም እግር ከገና በኋላ በኢንተርኔት አዘዝኩ። የሻጩ ገጽ ዕቃው በመጋዘን እንዳለ ይናገር ነበር፤ ገንዘቡም ወዲያው ከካርዴ ተነሣ፤ ይላካል የተባለበት ቀን ግን መጥቶ አለፈ።

ስጠይቅ የተሰጠኝ የመከታተያ ቁጥር ነበር። ቁጥሩን ሳስገባ የወጣው መልእክት ተለጣፊው እንደተዘጋጀና አጓጓዡ ጥቅሉን ገና እየጠበቀ እንደሆነ የሚገልጽ ሲሆን፣ የክብደቱ ቦታም ባዶ ነበር። ሻጩ ወረቀት አትሟል፤ ዕቃ ግን አላስረከበም። ክብደት ያልተመዘገበለት ጥቅል ከመጋዘን አልወጣም ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለዚህ ስልክ ስደውል «መቼ ይደርሳል?» የሚለውን ትቼ፣ ዕቃው በራሳቸው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ወይም ከሌላ ቦታ እንደሚላክ ጠየቅኩ። መልሱ የሚላከው በቀጥታ ከአስመጪው ነው የሚል ነበር። የዚህ ዓይነት ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚሸጠውን ዕቃ በዓይኑ አያየውም፤ ገጹ ላይ «አለ» የሚያሰኘው አስመጪው የሚልክለት ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ በጊዜው ካልታደሰ ያለቀውም ዕቃ እንዳለ ሆኖ ይታያል። ሁሉም ሊያታልል ተነሥቷል ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም ስለ ቀኑ የሚያውቀው ከእኔ ብዙም አይበልጥም።

የዕቃውን ቁጥር ይዤ ወደ አስመጪው ስደውል ነገሩ በአንድ ጊዜ ጠራ። ኮይሎቨሩ የሚሠራው ታይዋን ውስጥ ሲሆን፣ ፋብሪካው አንዱን ሞዴል በዙር አምርቶ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ በጨረቃ አዲስ ዓመት ሰሞን ደግሞ ሥራ ይቆማል፤ ከዚያም ኮንቴይነሩ በመርከብ ካሊፎርኒያ እስካለው የሎንግ ቢች ወደብ ተጉዞ፣ ከወደብ ወጥቶ፣ አገር አቋርጦ ይመጣል። ሠራተኛዋ በትሕትና እንዳስረዳችኝ፣ በሚቀጥለው ኮንቴይነር ከሚመጣው አብዛኛው አስቀድሞ ለሌሎች ቃል ተገብቶበታል። ሻጩ በሳምንታት የቆጠረውን ጊዜ የአስመጪው ሠራተኛ በወራት ቆጠረችልኝ። አሁን ውድ ዕቃ ከማዘዜ በፊት ይህን ስልክ አስቀድሜ እደውላለሁ።

ሕጉን ማንበብ የጀመርኩት በዚሁ ጊዜ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1975 ያወጣው የፖስታ ግዢ ደንብ በኋላ ስልክንና ኢንተርኔትንም እንዲያካትት ተደርጓል። በደንቡ መሠረት ሻጩ የመላኪያ ቀን ከገለጸ በዚያ ቀን፣ ካልገለጸ በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለበት፤ ካልቻለ መዘግየቱን አሳውቆ፣ ገዢው እንዲጠብቅ ወይም ሰርዞ ሙሉ ገንዘቡን እንዲወስድ ምርጫ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው መዘግየት ከ30 ቀን የማይበልጥ ከሆነ የገዢው ዝምታ እንደ ስምምነት ይቆጠራል፤ ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ኢሜይል መልስ አለመስጠት ራሱ መልስ መስጠት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የባንኩ ቀን ነው። በ1974 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ በክሬዲት ካርድ ተከፍሎበት ያልደረሰን ዕቃ የሚመለከት አቤቱታ፣ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያው መግለጫ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለካርድ ሰጪው መድረስ አለበት። በዴቢት ካርድ የከፈለ ሰው ይህ ሕግ አይሸፍነውም። «ትንሽ ይታገሡን» እየተባለ የሚገፋው እያንዳንዱ ሳምንት ከእነዚህ ቀናት ላይ ይቀነሳል። በመሆኑም የቀን መቁጠሪያዬ ላይ ከቀነ ገደቡ ቀደም ያለ አንድ ቀን ምልክት አድርጌ፣ እስከዚያ ዕቃው ካልተላከ እንደምሰርዝ ለሻጩ በኢሜይል አሳወቅኩ፤ ከእያንዳንዱ የስልክ ንግግር በኋላም የተባባልነውን ጽፌ እልክ ነበር።

ቀኑ ደረሰ፤ ሰረዝኩ። ሻጩ የመሰረዣ ክፍያ ብሎ ከገንዘቡ 15 በመቶ ሊያስቀር ቢሞክርም፣ የተቋረጠው ሐሳቤን በመለወጤ ሳይሆን ቀኑ በመተላለፉ መሆኑን የራሱን ኢሜይሎች አያይዤ ጻፍኩለት፤ ባንኩ ዘንድ ከመሄዴ በፊት ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ መኪናው ሳይፈታ ይሠራ ነበር። ለዚህ ምስጋናው ለመካኒኬ ነው፤ ገና ሳዝዝ «ወንድሜ፣ ዕቃውን በዓይኔ ሳላይ አንድ ብሎን አልፈታም፤ መኪናህ ሊፍቱ ላይ ካደረ የምከስረው እኔ ነኝ» ብሎኝ ነበር። ሰሚት ፖይንት የተመዘገብኩበትንም ቀን የፍሬን ዘይት ብቻ አስቀይሬ በአሮጌው ሾክ ነዳሁ። መታጠፊያ ላይ ያዘነብላል እንጂ አያሳፍርም።

ሁለተኛውን ግዢ የፈጸምኩት ዕቃውን በእጁ ከያዘ ሱቅ ነው፤ ከመክፈሌ በፊት የሳጥኑን ተለጣፊ ፎቶ አስልኬ ቁጥሩን ከመኪናዬ ሞዴልና ዓመት ጋር አመሳከርኩ። ዋጋው ትንሽ ጨምሮብኛል፤ አልቆጨኝም። ሳጥኑ ሲመጣ አራቱን አንድ በአንድ አውጥቼ፣ ዘንጋቸው ላይ ዘይት ማፍሰሱን፣ ጥርሳቸው መጎዳቱን፣ የላይኛው መያዣና ብሎኖቹ መሟላታቸውን ተመለከትኩ። ለመካኒኩ ደውዬ የመግጠሚያውንና የአላይመንቱን ቀን የያዝኩት ከዚያ በኋላ ነው።