ጣሪያችን ላይ የሚወርደው ውሃ

ጎንደር፣ እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው። ያውም ከመጣ። ቤታችን ዳገት ላይ ስለሆነ ታች ያሉት ሰፈሮች ቀድተው እስኪጨርሱ የኛ ቧንቧ አየር ብቻ ነው የሚያፏጨው፤ እኔም በፉጨቱ ነው የምነቃው። ከዚያ ጀሪካን መደርደር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። እናቴ እሱን በጀርባዋ ተሸክማ ነው ያሳደገችን። ስለ ምህንድስና ፈጠራ ሲወራ ብዙ ሰው ሮቦትና ሮኬት ይታየው ይሆናል፣ ለኔ የሚታየኝ የእናቴ ወገብ ነው።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ነገሬ ሁሉ የጣሪያ አሸንዳ የሆነው ለዚህ ነው።

ሂሳቡን አብረን እንስራው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። የቤታችን ቆርቆሮ 8 በ6 ነው፣ 48 ካሬ። ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ከጣለ ጣሪያችን ላይ 960 ሊትር ወረደ ማለት ነው። የሚረጨውንና የሚባክነውን ቀንሱለት፣ 750 ሊትር ይተርፋል። ወደ 40 ጀሪካን! በአንድ ዝናብ! ይህን ሁሉ ውሃ ዕድሜያችንን ሙሉ በጠፈጠፍ ወደ ቦይ ስንሸኘው ኖረናል። እርግጥ እናቶቻችን ሳፋና ባልዲ ከጠፈጠፉ ስር ይደረድሩ ነበር፤ ሐሳቡ የነሱ ነው፣ እኔ አሸንዳና ቱቦ ብቻ ነው የጨመርኩበት።

ስትሰሩ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛው፣ ከብዙ ደረቅ ቀን በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ አቧራውንና የወፍ ኩሱን ሁሉ ጠርጎ ይዞ ነው የሚወርደው። እሱን መድፋት ያስፈልጋል። እኔ ከሮቶው በፊት ታች የተደፈነ ቁመት ያለው ቱቦ አቁሜለታለሁ፤ ቆሻሻው ውሃ መጀመሪያ እሱን ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንጹሑ ነው ወደ ሮቶ የሚያልፈው። ዝናቡ ሲያባራ መክደኛውን ከፍቶ ማፍሰስ ነው፣ በቃ። ሁለተኛው ብርሃን ነው። መጀመሪያ የተጠቀምኩበት ነጭ በርሜል ብርሃን ስለሚያስገባ ውሃው በሁለት ሳምንት አረንጓዴ ለበሰ። ጥቁር ሮቶ ከገባ ወዲህ ያ ችግር የለም። ለመጠጥ ግን አሁንም አፍልተን ነው የምንጠቀመው።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። ጎንደር ዝናብ አላነሳትም፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው የሚዘንበው። ግን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥልና ይሄዳል። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ በቀን 100 ሊትር ለሚጠቀም ቤተሰብ 10 ቀን ነው። ከዚያስ?

ይህን ሳስብ ነው የፋሲል መዋኛን እንደ አዲስ ያየሁት። በየዓመቱ ለጥምቀት ገብተን እንረጭበታለን፣ ፎቶ እንነሳበታለን፤ ውሃው እንዴት እዚያ እንደደረሰ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም። የቀሃን ወንዝ ጠልፈው በቦይ ነው ያስገቡት። ፓምፕ የለ፣ መብራት የለ፣ ተዳፋቱን ለክተው ውሃው በራሱ ጊዜ እንዲወርድ አደረጉት። ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁር ሲሚንቶ አልነበረም፤ ግንቡን ያያያዘው ኖራ ነው። እኛ ግን ዛሬ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ፓምፑ ሲቆም ውሃውም ይቆማል።

የአንገረብ ግድብስ? ከተማዋን ያጠጣ ግድብ ነው፣ ባለውለታችን ነው። ነገር ግን ከላይ ያለው ተራራ ታርሶ ተራቁቶ በየክረምቱ አፈሩ እየታጠበ ይገባበታል። ደለል የያዘውን ቦታ ውሃ አይዘውም። ስለዚህ ላይ ገበሬው ማሳ ላይ የሚሰራው እርከንና የሚተከለው ዛፍ ለኔ የግድቡ አካል ነው። ግንቡን የሠሩት መሐንዲሶች የቱን ያህል ቢራቀቁ፣ ተራራው ካልታከመ ድካማቸው በጭቃ ይሞላል። ይህ ነገር ከልቤ ያናድደኛል።

ወደ ቤታችን ልመለስ። አሁን ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ እየቆፈርን ነው፣ 4 ሜትር በ3፣ ጥልቀቱ 2። 24,000 ሊትር ይይዛል። በቀን 100 ሊትር ብንል 240 ቀን፣ ማለትም ከጥቅምት 1 እስከ ግንቦት 30 ድረስ። ይህን በወረቀት ላይ ሳገኘው ሁለት ጊዜ ደግሜ አሰላሁት። ጣሪያችን በዓመት የሚሰጠን የባከነው ተቀንሶ እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

ባለፈው ቅዳሜ 1 ሜትር ከ20 ላይ ጥቁር ድንጋይ አጋጠመን። ቁፋሮው ቀስ ብሏል። የጎረቤታችን እማማ መጥተው ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው አዩና «ልጄ፣ የኛም ጣሪያ እኮ ወደዚህ ያዘነበለ ነው» አሉኝ። ሜትር ይዤ ሄድኩ። 36 ካሬ ነው። ከአጥሩ ማዶ 7 ሜትር ቱቦ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።