«ኢንሃንስድ» የሆነው ታካሚዬ

ኦኢቲ መለማመድ ከጀመርኩ ሦስተኛ ወር ሆነኝ። ለማታውቁት፣ ለጤና ባለሙያዎች ተብሎ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። የጽሑፉ ክፍል 45 ደቂቃ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች ለማንበብ ብቻ ናቸው። የታካሚውን ማስታወሻ አይቶ ከ180 እስከ 200 ቃላት የሚሆን ደብዳቤ መጻፍ ነው። እኛ ነርሶች ቻርት የምንሞላው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቀላል መስሎኝ ነበር። ወይ ቀላል!

ያስቸገረችኝ አንዲት ቃል ናት፦ «ኢምፕሩቭመንት»፣ መሻሻል። ዋርድ ውስጥ ይቺ ቃል የማትገባበት የለም። ቁስሉ ኢምፕሩቭ አደረገ፣ የምግብ ፍላጎቷ ኢምፕሩቭ አደረገ፣ ታካሚው «ኢምፕሩቭድ» ተብሎ ወጣ። የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ስቆጥር 7 ቦታ ላይ አገኘኋት። በአንድ ገጽ!

እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ከስልኬ ላይ ተመሳሳይ ቃላት ፈልጌ በየቦታው ተካሁ። በሚቀጥለው ትምህርት አስተማሪያችን «ዘ ፔሸንት ዋዝ ኢንሃንስድ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አስምሮባት መጣ። «ሰውየው ላይ ምን ጨመራችሁበት፣ ቅመም?» አለኝ። ክፍሉ አውካካ። እኔም ሳቅሁ፤ ቤት ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ቀልዱ ለካ ትምህርቱ ራሱ ነበር። «ኢንሃንስ» የሚባለው ደህና የነበረን ነገር ከፍ ማድረግ ነው። የወጥ ጣዕም፣ የፎቶ ጥራት፣ የመሥራት ችሎታ። ሥሩም በላቲን «ከፍ ያለ» ከሚለው ቃል ይመዘዛል። አልጋ ላይ የተኛ ሰው አይሆንለትም። ለእሱ «ኢምፕሩቭ» ወይም «ሪከቨር» (ማገገም) ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ ጉንፋን ሲይዘኝ ደውላ «ተሻለሽ?» ትለኛለች እንጂ «ተሻሻልሽ?» ብላኝ አታውቅም። ሰው ይሻለዋል። የሚሻሻለው አዋጅ ነው፣ አሠራር ነው፣ የስልክ ሶፍትዌር ነው። ያገገመና የዳነም አንድ አይደሉም። በአማርኛ ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረኝ እለያለሁ። እንግሊዝኛው ላይ ግን ቃላቱን እንደ እህትማማች ቆጥሬ አንዷን በሌላዋ ቦታ ሳስቀምጥ ነበር። አሁን ከመተካቴ በፊት በአማርኛ ምን እል እንደነበር ራሴን እጠይቃለሁ። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ግን ብዙ ጊዜ ያድናል።

ካልሠራባቸው ቦታዎች አንዱን ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ አስተማሪው አልሳቀም። «ፕሮግረስ» በየመዝገበ ቃላቱ «እድገት፣ መሻሻል» ተብሎ ተተርጉሟል። የፕሮግረስ ኖትም፣ ማለትም የታካሚውን የዕለት ሁኔታ ማስታወሻ፣ በየቀኑ እጽፋለሁ። ስለዚህ የልብ ድካም ያለባት ሴት ሕክምናው እንደያዘላት ለመግለጽ «ዘ ሃርት ፌይለር ሃዝ ፕሮግረስድ» ብዬ ጻፍኩ። ያስነበብኩት ትርጉም ምን መሰላችሁ? በሽታው ባሰ! ወደፊት የሄደው በሽታው ነዋ። «አድቫንስድ ካንሰር» ስንልስ የተሻለ ካንሰር ማለታችን ነው? እኛም እኮ ሥራው ሲገፋ እሰየው እንላለን፣ በሽታው ሲገፋ እንደነግጣለን። ያንን ደብዳቤ የተቀበለ ሐኪም ሴትየዋን በጥድፊያ ሊያስተኛት ይችል ነበር። እንኳን ልምምድ ሆነ። «ዘ ፔሸንት ኢዝ ሜኪንግ ጉድ ፕሮግረስ» ብል ግን ትክክል ነው፤ ወደፊት የምትሄደው ሴትየዋ ናት። በነገራችን ላይ እዚህ «ፕሮግረስ» ፊት «ኤ» አይገባም።

ሌላዋ ተመሳሳይ ቃል «አሊቪዬት» (ማቅለል) ለሕመም ስሜት ነው። ሕመሙ ቀለል ይላል፣ መንስኤው ግን እዚያው አለ። ፓራሲታሞል ራስ ምታትን «አሊቪዬት» ያደርጋል፤ ታካሚውን አያደርግም።

የመስተዋድዷ ነገርም ሁለት ምሽት ፈጅታብኛለች። የደም ግፊቷ ከትናንቱ ከተሻለ «ኢምፕሩቭመንት ኢን» ነው፤ ያው ነገር ራሱ ነው የተሻለው። አዲሱ ቅጽ ከአሮጌው ቅጽ ከበለጠ ግን «ኢምፕሩቭመንት ኦን» ነው፤ ሁለት ነገሮች ተወዳድረዋል። እስከ ባለፈው ወር ሁሉንም «ኢን» ነበር የምለው። አንድ ደስ ያለኝ ነገር፣ «መሻሻል አሳየ» የምንለው እንዳለ ይሄዳል፦ «ሾውድ ኢምፕሩቭመንት»። ምንም አትነካኩት።

ትናንት ማታ ሰዓት ይዤ አዲስ ደብዳቤ ጻፍኩ። 194 ቃላት፣ «ኢምፕሩቭመንት» 2 ጊዜ። ደግሜ ሳነበው ሁለቱንም መቀየር አልፈለግኩም፤ ቦታቸው ነው። ሁለት ደቂቃ ግን አልፎብኛል፤ የሰዓቱ ጣጣ ገና ነው።

የሳምንቱ ቃሌ «ኮምፕሌይን» ናት፤ ማማረርም ማለት ናት። ቻርት ላይ ታካሚው ራስ ምታት «ኮምፕሌይንስ ኦፍ» እያልን ስንት ዓመት ጻፍን። ደብዳቤው ላይ እናንተ እንዲሁ ትተዉታላችሁ ወይስ «ሪፖርትስ» ትሉታላችሁ?