አባዬ እጁን ጨብጦ ደረቱ ላይ ሲያደርግ

አባዬ «አመመኝ» የሚል ሰው አይደለም። ያን ሰሞን ግን ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆም ማለት ጀመረ። «ጨጓራዬ ነው» ይላል። ሁለት ደቂቃ ያርፋል፣ ይለቀዋል፣ ይቀጥላል።

አንድ ቀን «እስቲ የቱ ጋ ነው?» አልኩት። በጣቱ አልጠቆመኝም። እጁን ጨብጦ ደረቱ መሃል ላይ አሳረፈው። «ውጋት አይደለም፤ እንደ ድንጋይ ይጫነኛል። መንጋጋዬ ድረስ ይሰማኛል» አለኝ። ያ የተጨበጠ እጅ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ሲንቀሳቀሱ መጥቶ ሲያርፉ የሚለቅ ጫና የልብ ደም ስር መጥበብ ዋና ምልክት ነው። ዊልያም ሄበርደን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1772 ጽፎት ነበር።

ሐኪም ቤት ሄደን ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ፣ ተነሳ። ምንም የለም! እፎይ ልል ስል ሐኪሟ «ተኝቶ የተነሳው ኢሲጂ ደህና ስለሆነ ብቻ ልቡ ደህና ነው አንልም» አለችን። ትሮፖኒን የሚባል የደም ምርመራ አዘዘች፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደገመችው። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን ነው። መጀመሪያ ላይ ላይታይ ስለሚችል ይደገማል። የአባዬ አልጨመረም። የልቡ ደም ስሮች በሲቲ ስካን ሲታዩ ግን አንዱ ክፉኛ ጠቧል።

እማዬ ብትሆን ኖሮስ እያልኩ አስባለሁ። ሴቶችና የስኳር ሕመምተኞች ላይ ምልክቱ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። ጫናው ቁጭ ባሉበት ከመጣ፣ አልለቅ ካለ ወይም ላብ ካጠመቀ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጠራ።

አባዬ አሁንም «ጨጓራዬ ነው መስሎኝ» ይላል።