መመለሻውን አልጠየቅኳቸውም

ከተመረቅኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ለገና በዓል ላሊበላ ላይ በተተከለ የመጀመሪያ እርዳታ ድንኳን ውስጥ በነርስነት ተመደብኩ። ከላስታ፣ ከዋግ፣ ከጋይንት፣ ከጎጃም በእግሩ የመጣ ምእመን ኮረብታውን ነጭ አድርጎታል። የከተማው ሰው የእንግዳ እግር አጥቦ፣ እንጀራ አቅርቦ ይቀበላል። እኛ ጋ የሚመጣው ታጥቦም ያልተሻለው እግር ነው።

ታኅሣሥ 27 አንዲት እናት ገቡ። ከጋይንት ከተነሱ ስምንተኛ ቀናቸው ነው። ሁለቱም ተረከዞቻቸው ውሃ ቋጥረዋል፤ የቀኙ ፈንድቷል። የተማርኩትን ለማሳየት ቸኩዬ ስለነበር አጥቤ፣ ጎዝ ደራርቤ እንደ ኳስ ጠቀለልኩላቸው። ለምለም (የሰውነት ፈሳሽ የሚተካውን ዱቄት) በውሃ በጥብጬ ብሰጣቸው «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ? ጾም ነው እኮ ልጄ» ብለው መለሱልኝ። እዚህ ላይ እንኳ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን «አሥር ቀን ብዙ እንዳይራመዱ» ብዬ ሸኘኋቸው። ፈገግ አሉ። ያኔ ምስጋና መስሎኝ ነበር።

በ29 ጠዋት የቤዛ ኩሉ ዝማሬ አልቆ፣ ካህናቱ ከቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው አለት ላይ ወርደው፣ ሕዝቡ መበተን ሲጀምር ተመልሰው መጡ። ፋሻዬ እግራቸው ላይ የለም። የበሶ ከረጢታቸው አፍ ታስሮበታል! ቁስሉ ላይ እምነት ተቀብተዋል፤ ዙሪያው ቀልቷል።

«እማማ፣ ምን ነካዎት?» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ያሳፍረኛል።

«ጫማዬ እምቢ አለኛ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ደግሞ አቧራውን ሁሉ ይዝቃል። ለመንገዱ አይሆነኝም ብዬ ፈታሁት።»

«የምን መንገድ?»

«የመመለሻዬ ነዋ!»

ዝም አልኩ። ከላሊበላ ጋሸና ብቻ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጋይንት ከዚያም ወዲያ። እኔ ያከምኩት የደረሰ ሰው ነበር። እሳቸው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበሩ።

አብራኝ ተረኛ የነበረችው ሲስተር ምንም አልተናገረችኝም። አጠገባቸው በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «እማዬ፣ እምነቱን ግንባርዎን ይቀቡት፤ ቁስሉን ለኔ ይተዉልኝ» አለቻቸው። እሺ አሉ። ቁስሉን በደንብ አጥባ ስስ ጎዝ አደረገችበት። ላልፈነዳው ወፈር ያለ ስፖንጅ መሃሉን በስታ ዙሪያውን ለጠፈች፤ ጫማው እንዳይጫነው ነው። ከዚያ የኮንጎ ጫማቸውን አንስታ በጣቷ ውስጡን ዳሰሰች። ተረከዙ ላይ ስል ጠርዝ ነበረው። በመቀስ ከረከመችው! እኔ ሁለት ቀን ሙሉ እግር ሳይ ጫማ አንስቼ አላውቅም። ካልሲ አጥልቃላቸው «እስቲ ይራመዱ» አለች። ድንኳኗን ሁለቴ ዞሩ። ሦስተኛውን አልጨረሱም፤ ከረጢታቸውን አንስተው ወጡ። ጎረቤቶቻቸው ውጭ እየጠበቋቸው ነበር።

«ከቀላ፣ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ በየመንገዱ ጤና ጣቢያ ይግቡ» እያልኩ ተከተልኳቸው። መስማታቸውን እንጃ።

ተመልሼ የሕመምተኛ መዝገቡ ዳር ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር አሰመርኩ። አናቱ ላይ «በምን ይመለሳሉ?» ብዬ ጻፍኩ። እስከ ማታ ሲሞላ አየሁት፦ በእግር፣ በእግር፣ በአይሱዙ፣ በእግር።