ቀበቶ ለአባቴ ቮልስ

ለመኪናችን የደህንነት ቀበቶ የማስገባቱ ነገር የጀመረው እማዬ ግንባሯ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ይዛ ቤት የገባች ቀን ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጣርማበር ላይ ጉም ያዘን። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉም ሲወርድበት የራስህን ኮፈን እንኳ አታይም። አንድ አይሱዙ መብራቱን አጥፍቶ መንገዱ ላይ ቆሟል። ፍሬን ረገጥኩ። ቮልሷ ቆመች፤ እማዬ ግን አልቆመችም። የድሮ ቮልስ ክሩስኮት ደግሞ ብረት ነው። «ምንም አልሆንኩም» ብላ በነጠላዋ ግንባሯን ጥፍር አድርጋ አሰረች። ደብረ ሲና እስክንደርስ ቃል አልወጣትም።

መኪናዋ የአባቴ ናት፤ ነፍሱን ይማረውና። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1968 ምርት ናት። እሱ ሲነዳት ቀበቶ የሚታሰረው ሱሪ ላይ ብቻ ነበር። ደረትና ወገብን አንድ ላይ የሚይዘውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን የሠራው በ1959 ነው። ቮልቮም ሌሎች አምራቾች እንዲጠቀሙበት ፈቅዷል። የእኛዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ነገሩ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው።

ቀበቶ ላስገባላት ስነሳ መጀመሪያ ያሰብኩት የመኪናዋን ብረት በስቶ በብሎን ማሰር ነበር። ደግነቱ ከመብሳቴ በፊት ከበሩ ኋላ ያለውን ምሰሶ በእጄ ስዳብስ ትንሽ ክብ ነገር ነካሁ። በካቻቢቴ ጫፍ ስፈነቅለው የፕላስቲክ ክዳን ነው። ከሥሩ ጥርስ ያለው ቀዳዳ አለ። ፋብሪካው የቀበቶውን ቦታ አዘጋጅቶልን ኖሯል! ሃምሳ ዓመት ያየው ሰው የለም። ታች በበሩ ደፍና መሃል ወለሉ ላይም አገኘሁ።

ደስታዬ ብሎን ፍለጋ ስወጣ አለቀ። 10 ቁጥር ብሎን ሲገባ ይዋኛል። 12 ቁጥር ጭራሽ አይገባም። የሰፈራችን መካኒክ «ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅዎታል፣ አስፍተን 12 እናስገባው» አለኝ። ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። ለካ የቀበቶ ብሎን በሚሊ ሜትር አይደለም የሚሄደው። በኢንች ነው፤ ሰባት አሥራ ስድስተኛ፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ። ወደ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ጃፓን ሠራው ጀርመን፣ አብዛኛው መኪና ቀበቶውን የሚያስረው በዚሁ ነው። ስለዚህ ቀበቶ ስትገዛ ብሎኑን አብረህ ተቀበል። እኔ አልተቀበልኩም ነበርና ለአራት ብሎን ብቻ ሁለተኛ ጊዜ አዲስ አበባ ወረድኩ። 130 ኪሎ ሜትር ለአራት ብሎን!

ቀበቶውን የገዛሁት ሶማሌ ተራ ነው፤ ከፈረሰ ኮሮላ የወጣ። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» ብሎ ማለ። ቤት መጥቼ ስስበው አንደኛው ንቅንቅ አይልም። ቀበቶው ከሚጠቀለልበት ዕቃ፣ ከጥቅልሉ ጎን ቀጭን ሽቦ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ይኼ ግጭት ሲፈጠር በባሩድ ኃይል ቀበቶውን ወደ ኋላ የሚስብ ዓይነት ነው። አንዴ ከተኮሰ አለቀለት። ጨርቁንም በፀሐይ ብርሃን ሳየው ትከሻ ላይ የሚያርፈው ቦታ ተለጥጦ ሞገድ ሠርቷል። ያ ቀበቶ ሥራውን ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ስደውልለት መልሱ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ሆነ።

ሁለተኛው ደህና ይመስላል። ወለሉ ላይ አስሬ ስስበው ግን እሱም ቀጥ አለ። ፈታሁት። እጄ ላይ ስይዘው እንደ ቅቤ ይወጣል፤ ሳስረው ይቆማል። ግማሽ ቀን ስፈታ ሳስር ዋልኩ። በመጨረሻ ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ ዘንበል ሳደርገው «ቀጭ» አለ። ውስጡ ትንሽ የብረት ኳስ አለች። መኪናው በድንገት ሲቆም ወይም ሲያዘነብል ኳሷ ከጎድጓዳዋ ትወጣና መቆለፊያውን ትገፋለች። ጥቅልሉ ለኮሮላ ምሰሶ በተሰላ ማዕዘን የተሠራ ነው። የቮልስ ወለል ላይ ሲያጋድል ኳሷ መኪናው የተገለበጠ ይመስላታል። በላሜራ ሽብልቅ ነገር ሠርቼ ላቃናው አስቤ ነበር። ከዚያ ያ ብሎን በግጭት ጊዜ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ሳስብ ተውኩት። ጀርመን ያለችው የአክስቴ ልጅ ማዕዘኑ የሚስተካከል፣ ለአሮጌ ቮልስ የተሠራ አዲስ ቀበቶ ገዝታ በሰው ላከችልኝ። ከመጀመሪያው ይህን ባደርግ ኖሮ ወጪዬ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ገና አላለቀም። በተሳፋሪው በኩል ደፉን በካቻቢቴ ወጋ ባደርገው እስከ እጀታው ሰመጠ። ዝገት ነው። የቮልስ የማሞቂያ አየር የሚሄደው በደፉ ውስጥ ነው፤ እርጥበት ከገባበት ከውስጥ ይበላዋል። ላዩ ቀለም ተቀብቶ ያምራል። እዚያ ላይ ቀበቶ ማሰር በሬን በሸረሪት ድር እንደማሰር ነው። ባትላሜራው የበሰበሰውን ቆርጦ በአዲስ ላሜራ በየደው፤ ጥርሱ ያለበትንም ቦታ በ3 ሚሊ ሜትር ብረት ደገፈው። ሦስት ሳምንት የፈጀው ይኼ ነው። ቀበቶውን ማሰሩ ራሱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። ብየዳው ሲሠራ የቀበቶው ጨርቅ መኪናው ውስጥ እንዳይኖር ተጠንቅቄያለሁ፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ብትበቃውስ?

ከዚያ እማዬን አስቀምጬ ለካሁ። የላዩ መታሰሪያ ከትከሻዋ ዝቅ እንዳይል፣ የታቹ ጨርቅ ሆዷ ላይ ሳይሆን ዳሌዋ አጥንት ላይ እንዲያርፍ። አንድ ያላሰብኩት ነገር ጋቢ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ እማዬ ያለ ጋቢ አትሳፈርም። በጋቢው ላይ ስታስረው በቀበቶውና በሰውነቷ መካከል ጭብጥ የሚያህል ክፍተት ይቀራል። አሁን መጀመሪያ ትታሰርና ጋቢውን ከላይ ትደርባለች።

ከከተማ ወጣ ብሎ ጭር ያለ ሜዳ ላይ በ20 ፍጥነት እየሄድኩ ፍሬን ረግጬ ሞከርኩት፤ ያዘ። የኋላ ወንበር ገና ቀበቶ የለውም፤ እስኪገባለት ሰው አልጭንበትም።

ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ደብረ ሲና ወረድን። ጣርማበር ላይ ጉም አልነበረም። ደብረ ሲና እንደቆምን የቆሎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። እማዬ አንዷ እንዳታመልጣት ብር ይዛ በፍጥነት ወደ መስኮቱ ስትወረወር ቀበቶው ቀጨም አደረጋት።

«ኧረ ያዘኝ!» አለች።

«ወደ ኋላ ተደገፊ እማዬ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ሳቢው።»

ቀስ ብላ ሳበችው። ቆሎውንም ተከራክራ በቅናሽ ገዛች።